«ጉድለት አልተገኘበትም»፦ ተደብቆ የሚኖር የፓወር ሰፕላይ ብልሽት እና የምርመራው ታሪክ

(ለታሪክና ለኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎችና መምህራን ደሴ ላይ የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የታሪክ ትምህርት ክፍል የምህንድስና መምህር የሆንሁትን እኔን ወደዚህ መድረክ ሲጋብዘኝ፣ ስለ ግድቦች ወይም ስለ መጀመሪያው የስልክ መስመር እንድናገር ጠብቆ ሊሆን ይችላል። የመረጥሁት ጉዳይ ግን ከጫማ ሳጥን የሚያንስ አንድ ቆርቆሮ ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ጀርባ ተቀምጦ ከግድግዳ የሚመጣውን ኮረንቲ ለማሽኑ እንዲስማማ አድርጎ የሚያቀርበው፣ ሁላችንም «ፓወር ሰፕላይ» የምንለው ዕቃ ነው። ስለ ሞተ ፓወር ሰፕላይ አልናገርም፤ የሞተው ብዙ ምርመራ አያሻውም፣ ተነቅሎ ሌላ ይገባለታል። የምናገረው አንዳንድ ቀን ስለሚያምፅ፣ ሌላ ቀን ስለሚታዘዝ፣ ባለሙያ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ፍጹም ጤነኛ ስለሚሆን ፓወር ሰፕላይ ነው።

ለዚህ ምርጫዬ መነሻው በ2003 ዓ.ም. እኔ ራሴ የፈረምሁበት የአንድ ገጽ ሪፖርት ነው። የሪፖርቱ የመጨረሻ መስመር «ጉድለት አልተገኘበትም» ይላል። በዚያ መስመር ምክንያት ዘጠኝ ኮምፒዩተሮች ከአገልግሎት ወጡ፤ አንድ ወጣት ቴክኒሻንም እንጀራውን አጣ። መስመሩ ስሕተት ነበር። እንዴት እንደ ተሳሳትሁ ለማስረዳት ግን ከእኔ በፊት የነበሩት መርማሪዎች እንዲህ ያለውን ብልሽት እንዴት ይፈልጉ እንደ ነበር አስቀድሜ መናገር ይኖርብኛል፤ ስሕተቴ የእኔ ብቻ ሳይሆን የወረስሁት ዘዴም ነበርና።

ከአሜሪካው ኤንያክ እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየው ይህ ማሽን 17,468 ቫኪዩም ትዩቦች ነበሩት፤ የሚወስደውም ኃይል 150 ኪሎ ዋት ያህል ነበር። ከትዩቦቹ አንዱ በተቃጠለ ቁጥር ስሌቱ ይበላሻል፤ የተቃጠለውን ከአሥራ ሰባት ሺህ መካከል ፈልጎ ማግኘትም ሥራ ነው። መሐንዲሶቹ ከልምድ ያስተዋሉት ነገር ቢኖር አብዛኞቹ ትዩቦች የሚሞቱት ማሽኑ ሲበራና ሲጠፋ፣ ማለትም ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መሆኑን ነው። ስለዚህ ማሽኑን አለማጥፋትን መረጡ። ብልሽቱ በየሁለት ቀኑ አንድ ያህል ወደ መሆን ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ 116 ሰዓት ሳይቋረጥ ለመሥራት ቻለ። ይህን ለደሴ ሰው ስናገር ፈገግታ እንደሚያስከትል አውቃለሁ። «አታጥፉት» የሚለው መፍትሔ የሚሠራው ማጥፋትና ማብራት በእጅህ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ነው። በኤምአይቲ በጄይ ፎሬስተር መሪነት የተሠራው ዊርልዊንድ የተባለው ኮምፒዩተር በቅጽበት መልስ መስጠት ይጠበቅበት ስለ ነበር በሥራ መካከል መሰናከል አልተፈቀደለትም። መሐንዲሶቹ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። በጥገና ሰዓት፣ ማሽኑ ሥራ ላይ ባልሆነበት ጊዜ፣ ለየክፍሉ የሚሰጠውን ቮልቴጅ ሆን ብለው ከመደበኛው ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ጤነኛው ትዩብ ይህን ይችላል፤ ሊሞት የተቃረበው ግን ይወድቃል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በሥራ መካከል የሚመጣውን ብልሽት ዛሬ ጠርተው ያመጡታል ማለት ነው። ዘዴው በኋላ ሴጅ ወደተባለው የአሜሪካ የአየር መከላከያ ሥርዓት ግዙፍ ኮምፒዩተሮች ተሻገረ። የተደበቀ ሕመም በሽተኛው ተመቻችቶ ሳለ አይገኝም፤ በመጠኑ ማስጨነቅ ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ እዚህ ላይ በግልጽ ተቀምጧል። ይህን ሐሳብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተር ረከሰ፣ አነሰ፣ ወደ ጠረጴዛ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው አፕል ቱ ሮድ ሆልት የነደፈለት፣ ከባዱን ትራንስፎርመር ያስቀረ ፓወር ሰፕላይ ነበረው። ሐሳቡን የፈጠረው ሆልት አይደለም፤ ሌሎች ከእርሱ በፊት ሠርተውበታል። ወደ ቤትና ወደ ቢሮ ካስገቡት አንዱ ግን እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፓወር ሰፕላይ 63.5 ዋት ብቻ ነበር። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ መጀመሪያ ወደ 310 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኮረንቲ ይለወጣል፤ ያም በትልልቅ ካፓሲተሮች ይጠራቀማል፤ ከዚያ በሰከንድ በብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየተቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል አልፎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ይወርዳል። (ተማሪዎች ሆይ፣ ያ 310 ቮልት ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑን ለመክፈት የሚቸኩል እጅ ካለ ይህን ያስታውስ።)

በዚህ ዘመን ምርመራ መልኩን ለወጠ። ፓወር ሰፕላይ ርካሽ ስለ ሆነ መጠገን ቀርቶ መለዋወጥ ሆነ። የተጠረጠረውን ታወጣለህ፣ ጤነኛ መሆኑ የታወቀ ሌላ ታስገባለህ፤ ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው የወጣው ነው። ችግሩ ካልጠፋ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። እኛም ይህንን ተማርን፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ይህንኑ አስተምሬአለሁ። ዘዴው ግን ሳይናገረው የሚያስበው ነገር አለ፤ ከግድግዳ የሚመጣው ኮረንቲ ትናንትም ዛሬም አንድ ዓይነት መሆኑን።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ልመለስ። የኤሌክትሪክ ታሪካችን በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በበራው አምፖል ይጀምራል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን» ተባለ፤ በጦርነት ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2006 ዓ.ም. ድርጅቱ ለሁለት ተከፍሎ ስሙ ሲለወጥ እንኳ ሕዝቡ ዛሬም «መብራት ኃይል» ይለዋል። የቋንቋ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክን በጠቅላላ «መብራት» ብለን መጥራታችን ትርጉም የሌለው አይመስለኝም። ጥያቄአችን ሁልጊዜ «መብራት አለ?» የሚል ነው፤ መልሱም «አለ» ወይም «ሄዷል» ነው። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. በፈረቃ ስንኖር፣ በ2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ ሲያንስና ፈረቃው ሲመለስ የቆጠርነው የጠፋበትን ሰዓት ነው። አምፖል ሲደበዝዝም ያው መብራት ነው። «ደክሟል» የሚለውን ቃል አዘውትረው የሚጠቀሙት የወፍጮ ቤትና የብየዳ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ለእነርሱ የደከመና የጠፋ ልዩነቱ ትንሽ ነውና። ኮምፒዩተርም ከእነርሱ ወገን ነው። እኛ ግን እንደ አምፖል ቆጠርነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት ሲዘረጋ፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም «ፕላዝማ» ሲሰቀል የሆነውን የእናንተ ታላላቆች ያስታውሳሉ። ትምህርቱ በሳተላይት ይተላለፍ ስለ ነበር መብራት ለአምስት ደቂቃ ከሄደ የአምስት ደቂቃው ትምህርት ላይመለስ ያልፋል። ይህ የሚታይ ጉዳት ነው። የማይታየው ጉዳት ደግሞ መብራት ሳይሄድ፣ አምፖሉ ሳይርገበገብ፣ ማሽኑ ብቻ ተነሥቶ እንደ ገና የሚጀምርበት ነው።

አሁን ወደ ቧንቧ ውሃ እንውጣ። በዚያ ሠፈር የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ስሙን አልጠቅስም። ዘጠኝ ኮምፒዩተሮች የተደረደሩበት አንድ ክፍል ነበረው፤ የማታ ተማሪዎች ውጤት የሚገባው በዚያ ነው። በ2003 ዓ.ም. መስከረም ላይ ማሽኖቹ በራሳቸው እየተነሡ ሥራ ያበላሹ ጀመር። መልእክት አያሳዩም፣ ጭስ የለም፣ ሽታ የለም። ጸሐፊዋ ውጤት እየሞላች ሳለ ስክሪኑ ይጠቁርና ማሽኑ እንደ አዲስ ይጀምራል። ቀን ላይ ደኅና ናቸው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ በተለይ ምሽት ሲገባ ይብሳሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ዛሬ ሁለተኛው፣ ነገ አራተኛው፣ አንዳንድ ቀን ማንም። የአንድ የማታ ተማሪ የሴሚስተር ውጤት ግማሹ ጠፍቶ መመረቂያው እስኪዘገይ ድረስ ነገሩ ቀለል ተደርጎ ታይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ለኮሚቴው የቴክኒክ አባል ሆኜ የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ።

የማሽኑን የራሱን መዝገብ መጀመሪያ አየሁ። ዊንዶውስ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት 41 የሚል ቁጥር ይመዘግባል፤ ትርጉሙም «በሥርዓት ሳልዘጋ እንደ ገና ተነሣሁ» ማለት ነው፤ ከዚህ አይበልጥም። ለታሪክ ተማሪዎች ብናገር፣ ንጉሡ ሞተ ብሎ በምን እንደ ሞተ የማይጽፍ ዜና መዋዕል ነው። ምክንያት የሚናገር የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ።

ቀጥሎ መለዋወጥ ነው። የአራተኛውን ማሽን ፓወር ሰፕላይ አውጥቼ አዲስ አስገባሁ፤ አንድ ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። የወጣውን ለዘጠነኛው ሰጠሁት፤ እርሱም አንድ ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። እንግዲህ የወጣው ጥፋተኛ አይደለም ማለት ነው አልሁ። በመጨረሻ አራት ማሽኖችን በፒክአፕ ጭኜ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ወደሚገኝ ወርክሾፕ ወሰድኋቸው። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አበራኋቸው። 12 ቮልቱ 12 ነው፣ 5 ቮልቱ 5 ነው፤ ሁሉም ከሚፈቀደው የአምስት በመቶ ልዩነት ውስጥ ነው። አንድም ጊዜ አልተነሡም።

የመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻን በዲፕሎማ የተቀጠረ፣ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመት የሚሆነው የኮንትራት ሠራተኛ ነበር። እኔ ቴስተር ይዤ ስደክም እርሱ በአንድ ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር ይጽፍ ነበር፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው ማሽን እንደ ተነሣ። አንዳንዱ መስመር ላይ «ቀጭ አለ» የሚል ነበረበት። ደብተሩን ለኮሚቴው አቀረበ። አነበብሁት። ድምፅ ማስረጃ አይሆንም፤ ቮልቴጅ ለክተህ አምጣ አልሁት። ሪፖርቱን ስጽፍም ደብተሩን አልጠቀስሁትም። «ማሽኖቹ ላይ ጉድለት አልተገኘበትም» ከተባለ የሚቀረው የተጠቃሚና የተቆጣጣሪ ጥፋት ነው፤ ኮሚቴው ይህን ለመጻፍ አልዘገየም። የማሽኖቹ ዕድሜም ስላለፈ ወደ መጋዘን ይግቡ ተባለ። ከልጁ ደመወዝ የተወሰነ ተቆረጠ፤ ሰኔ ላይ ኮንትራቱ አልታደሰም።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። ያወቅሁት ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ ለተማሪዎች ላቦራቶሪ ሳዘጋጅ ነው። በቢሮው ክፍል ጥግ አንድ ስታብላይዘር ነበር። መብራት ይደክማል ተብሎ እንደ መድኃኒት የተገዛ ነው፤ ዘጠኙም ማሽኖች የሚጠጡት ከእርሱ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ርካሽ ስታብላይዘር ውስጡ ብዙ መውጫ ያለው ትራንስፎርመርና ከአንዱ መውጫ ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩ ሪሌዎች ናቸው። የገቢው ቮልቴጅ ሲወርድ ሪሌው ወደ ከፍተኛው መውጫ ይዘላል። ቀጭ የሚለው ያ ነው። ሪሌው ከአንዱ ጫፍ ለቅቆ ሌላውን እስኪነካ ድረስ ግን ለጥቂት ሚሊሰከንድ ምንም ኮረንቲ አይወጣም። በኦሲሎስኮፕ ያየሁት ክፍተት አሥር ሚሊሰከንድ ገደማ ነበር። ዓይን አያየውም፤ አምፖልም አያሳየውም።

ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ይህን ሊሸከም ይገባዋል። ለዴስክቶፕ የወጣው የኤቲኤክስ መመሪያ ኮረንቲው ተቋርጦ በሙሉ ጭነት 16 ሚሊሰከንድ ያህል እንዲቆይ በዚያን ጊዜ ይጠይቅ ነበር፤ ያን ጊዜ የሚያኖረው በካፓሲተሮቹ የተጠራቀመው ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት አብረን እንሥራ። የካፓሲተር ክምችት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይሄዳል። ፓወር ሰፕላዩ በ310 ቮልት ጀምሮ እስከ 200 ቮልት ድረስ መሥራት ይችላል እንበል። ስታብላይዘሩ ቀጭ ከማለቱ በፊት ባለው ቅጽበት የሚያወጣው ወደ 200 ቮልት ተለዋዋጭ ከወረደ፣ የካፓሲተሩ መነሻ 310 መሆኑ ቀርቶ 283 ይሆናል። የሚጠቅመው ክምችት ወደ ሰባ በመቶ ይወርዳል፤ 16 ሚሊሰከንዱ 11 ይሆናል። ገና ያልፋል። ካፓሲተሩ ግን አርጅቶ ከአቅሙ ግማሹን አጥቶ ከሆነ ስድስት እንኳ አይሞላም። ክፍተቱ አሥር፣ ትዕግሥቱ ስድስት። ያኔ ፓወር ሰፕላዩ «ኃይሉ ደኅና ነው» እያለ ለማዘርቦርዱ የሚልከውን ምልክት ያነሣል፤ ማዘርቦርዱም ወዲያው እንደ ገና ይጀምራል። ክፍተቱ ስለ ተዘጋም ሁሉም ነገር ደኅና ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ጥፋተኛው ማን ነበር? ያረጀው ካፓሲተር ብቻውን ማሽኑን አያስነሣም፤ ኮምቦልቻ ላይ ሦስት ቀን የሠራውም ለዚህ ነው፤ ወርክሾፑ ስታብላይዘር አልነበረውም። የስታብላይዘሩ መዝለል ብቻውን አያስነሣም፤ አንዳንዶቹ ማሽኖች ፈጽሞ ያልተነሡትም ካፓሲተራቸው ገና ደኅና ስለ ነበር ነው። የመስመሩ መድከም ብቻውን አያስነሣም። ሦስቱ በአንድ ቅጽበት ሲገናኙ ብቻ ነው ብልሽቱ የሚኖረው። ሠፈሩ ስሙን ባገኘበት ነገር ብመስለው፣ የመስመር መጨረሻ ላይ ያለ ቤት ምሽት ሁሉም ቧንቧውን ሲከፍት ግፊቱ ይወርድበታል። ኮረንቲም እንዲሁ ነው፤ ሰው ሁሉ ምጣዱን ሲጥድ፣ አጠገብ ያለው ብየዳ ቤት ሲጀምር ይወርዳል። ብየዳ ቤቱን የጠቀስሁት በከንቱ አይደለም። ፓወር ሰፕላዮችን የለዋወጥሁባቸው ቀናት ከመስከረም 21 በፊትና በኋላ ያሉት ነበሩ፤ የብየዳ ቤቱ ሰዎች ለግሸን በዓል ሄደው በሩ ተዘግቶ ነበር። የእኔ ንጹሕ ሙከራ፣ የማይነቃነቅ ማስረጃ ብዬ ለኮሚቴ ያቀረብሁት፣ የአንድ በዓል ሳምንት ነበር። ሙከራውን የሠራሁበትን ቀን በሪፖርቱ ላይ እንኳ አልጻፍሁም።

ዊርልዊንድን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። የኤምአይቲ መሐንዲሶች ሆን ብለው ቮልቴጁን ዝቅ እያደረጉ የተደበቀውን ሕመም ይጠሩ ነበር። ቧንቧ ውሃ ላይ ምሽቱ ራሱ ይህን በነጻ ይሠራልን ነበር። እኔ ግን ማሽኖቹን ከዚያ ምርመራ አውጥቼ፣ ሁሉ ነገር ወደ ተመቻቸበት ወስጄ፣ ጤነኞች ናቸው ብዬ መሰከርሁ።

ካፓሲተሮቹ ለምን አረጁ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ እርሱም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዓመታት ቁጥራቸው የበዛ ጉድለት ያለባቸው ካፓሲተሮች በዓለም ገበያ ተሠራጭተው ነበር፤ አብጠው ይፈነዳሉ ወይም ፈሳሻቸው ይወጣል። ዴል ከግንቦት 2003 እስከ ሐምሌ 2005 እ.ኤ.አ. የሸጣቸው 11.8 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ለዚህ አደጋ የተጋለጡ እንደ ነበሩ በኋላ በፍርድ ቤት ሰነዶች ተገልጧል፤ ኩባንያው ለጥገናና ለመተካት 300 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። የእነዚያ ዓመታት ያገለገሉ ማሽኖች በልገሳም በንግድም ወደ አገራችን ገብተዋል። እዚያ የተጣለው እዚህ ሁለተኛ ዕድሜ ጀመረ።

በዚህ ላይ የቦታው ጠባይ ይጨመራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ መካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ ነው። ከቻይና በሚመጡ አንዳንድ አዳፕተሮችና ፓወር ሰፕላዮች ላይ ተራራ የመሰለ ምልክትና 2000 የሚል ቁጥር አይታችሁ ይሆናል። ዕቃው የተፈተነው ለሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ነው፣ ከዚያ በላይ አልተፈተነም ማለት ነው። አየር ሲሳሳ ከፍተኛ ቮልቴጅን የሚያግደው የአየር ክፍተት ይደክማል፤ ማራገቢያውም የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል፤ በደሴ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አራት እጅ በታች ነውና። የሐረጎ ዳገት ያን ምልክት በመካከሉ ይሻገረዋል። ብርዱ ግን የሚጠቅምበት ጎን አለው፤ ካፓሲተር በአሥር ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ያህል ይረዝማል የሚባል የታወቀ ሕግ አለ። ጉዳቱ ደግሞ ያረጀ ካፓሲተር በብርድ ጊዜ ውስጣዊ ተቃውሞው መጨመሩ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ደሴ ላይ አልነሣም ያለ ማሽን ኮምቦልቻ ሲወርድ ወዲያው ይነሣል። ይህን ከዚያ ጉዳይ በኋላ ደጋግሜ አይቻለሁ። ፀጉር ማድረቂያ ወስደህ ካፓሲተሮቹን ሁለት ደቂቃ አሙቃቸው፤ ማሽኑ ከተነሣ ነገሩ ተገልጧል። ብልሽት የሚፈለገው በሚደርስበት ቦታና በሚደርስበት ሰዓት ነው፤ ካልሆነም ያንኑ ብርድና ያንኑ ድካም ወርክሾፑ ውስጥ መሥራት ነው።

በ2006 ዓ.ም. ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ምን አደረግሁ? እውነቱን ለመናገር ምንም አላደረግሁም። ሪፖርቱ ተዘግቷል፣ ኮሚቴው ተበትኗል፣ ልጁ የት እንደ ሄደ አላውቅም አልሁ። ትምህርቴን ለወጥሁ፤ ተማሪዎቼ ከቴስተር በፊት ደብተር እንዲይዙ አዘዝሁ። ለእነርሱ ይህ ጥሩ ዘዴ ነበር። ደብተሩ ከማን እንደ መጣ ግን አልነገርኋቸውም።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እስከ ኅዳር መጨረሻ የነበረውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በዚህ ገለጻ አልዘረዝረውም። ስንመለስ ከሞላ ጎደል በየተቋሙ የሚሠራ ኮምፒዩተር አልነበረም። ያ የቧንቧ ውሃ መሥሪያ ቤትም የተማሪዎቹን መዝገብ በወረቀት ከሚገኘው እንደ አዲስ ለመገንባት ተነሣ፤ የሚጻፍበት ማሽን ግን አጣ። መጋዘኑ ሲከፈት ዘጠኙ ማሽኖች አቧራ እንደ ለበሱ በቦታቸው ተገኙ። በላያቸው «የማይሠራ» የሚል ወረቀት ስለ ተለጠፈ የወሰዳቸው የለም። ስሕተቴ አዳናቸው ብል ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ አይደለም።

እንድጠግናቸው ተጠየቅሁ። ካፓሲተር ፍለጋ ኮምቦልቻ ወረድሁ፤ የጠቆሙኝ የጥገና ሱቅ ውስጥ ያ ልጅ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ልጅ አልነበረም፤ ጢሙ ወጥቷል፣ ሁለት ልጆች አሉት። ሱቁ ተዘርፎ እንደ ገና መክፈቱ ነበር። አወቀኝ፤ ተነሥቶ ጨበጠኝ። የመጣሁበትን ነገርሁት፤ ከዚያም ስለ ስታብላይዘሩ፣ ስለ አሥሩ ሚሊሰከንድ፣ ስለ ግሸን ሳምንት የማውቀውን ሁሉ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ጽፌልዎት ነበር» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። «አብሽር» አለኝ፤ ቃሉን ወሎዬ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጥሎም የካፓሲተሮቹን መጠን ጠየቀኝ፤ ካሉት አሮጌ ቦርዶችም እየለካ ይነቅል ጀመር። ሂሳብ አስከፍሎኛል፤ ማስከፈሉም ደስ አሰኝቶኛል። ከዘጠኙ ስድስቱ ተነሥተው ለሁለት ዓመት ያህል አገለገሉ። ስታብላይዘሩን አንስተን በምትኩ ገቢው ሲደክም በባትሪው የሚደግፍ ዩፒኤስ አስገባን።

ደብተሩን እስከ ዛሬ አስቀምጦት ነበር። ፈቅዶልኝ ቅጂውን ይዤ መጥቻለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከገለጻው በኋላ ማየት ትችላላችሁ። ከመስከረም 6 እስከ ኅዳር 19 ቀን 2003 ዓ.ም. ይሸፍናል። ከመስከረም 17 እስከ 24 ባሉት ገጾች ላይ «ዛሬ ምንም የለም» የሚለው መስመር ስምንት ጊዜ ተጽፏል። ከዚያ በጥቅምት 3 ቀን ምሽት 12 ሰዓት ከ40 ላይ «ቀጭ አለ፤ 2 እና 4 ተነሡ፤ ጎረቤት ብየዳ ጀምሯል» ይላል። የብየዳ ቤቱን ነገር እኔ ያወቅሁት መስሎኝ የኖርሁት እርሱ በጻፈው ላይ ነበር።

ጥያቄ ያላችሁ እጅ ብታወጡ፣ ጊዜ ተሰጥቶናል።